አሥራ አራቱ መድፎች

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ጦርነቱን ያስጀመረ ትእዛዝ አልነበረም። ራስ መኮንን ከጣሊያኑ ሻለቃ ከቶዜሊ ጋር ገና በደብዳቤ እየተነጋገሩ ሳለ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ አባ ጎራ ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። ቶዜሊ ወደ 2,350 የሚጠጋ ወታደርና አራት የተራራ መድፍ ነበረው። ቀኑ ሳይመሽ እሱም ሞተ፣ ጦሩም አለቀ፣ መድፎቹም እዚያው ቀሩ።

ገበየሁን ሽልማት አልጠበቃቸውም። ያለ ትእዛዝ ጦርነት ከፈቱ ተብለው ታሰሩ ይባላል። በሠራዊት ሕግ ካየነው ጥፋታቸው ጥፋት ነው፤ በእርቅ ላይ ያሉ ሁለት ወገኖችን አዋግተዋል። ግን ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ መድፍ ካላቸው ነጮች ጋር መግጠም ይቻላል የሚለው ወሬ በየሰፈሩ ገባ። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በእግር ብረት አቆይቶ መዝመት አይሆንም፤ ገበየሁ ተፈተው ወደ ግንባራቸው ተመለሱ።

ከአንድ ወር በኋላ መቀሌ ላይ የተገኘው ትምህርት ሌላ ነበር። በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የመሸገው ሻለቃ ጋሊያኖ ወደ 1,200 የሚሆን ጦር ይዟል። ዙሪያውን እሾህና ስለታም ነገር ተበትኗል፣ ግንቡ ላይ መድፍ ተጠምዷል። የኢትዮጵያ ሠራዊት የአምባላጌን ድል በልቡ ይዞ ፊት ለፊት ሄደበት፤ ብዙ ሰው ረገፈና ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። በደረት ተሄዶ የማይገባበት ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ታወቀ።

መላው የመጣው ከእቴጌ ጣይቱ ድንኳን ነው። ምሽጉ የሚጠጣው ውኃ ከግንቡ ውጭ ካለ ምንጭ ነበር። እቴጌይቱ የራሳቸውን ሰዎች በሌሊት ልከው ምንጩን አስያዙ። ጋሊያኖ ጥይት ነበረው፣ ስንቅ ነበረው፣ መድፍ ነበረው፤ ውኃ ግን በኩባያ እየተለካ መታደል ጀመረ። ጥር 13 ምሽጉን ለቆ ወጣ። አፄ ምኒልክም መሣሪያውን እንደያዘ እንዲሄድ ፈቀዱለት፣ የጭነት በቅሎም ሰጡት። ይህን ደግነት እስከ ዛሬ የሚነቅፍ አለ፤ ምክንያቱም ጋሊያኖ ከ40 ቀን በኋላ ዓድዋ ላይ ተመልሶ መጣ። እዚያው ሞተ።

የመቀሌ ከበባ ሁለት ስም አወጣ። አንዱ ሊቀ መኳስ አባተ ቧ ያለው፣ አባ ይትረፍ፣ ነው፤ የተኮሱት ጥይት ከምሽጉ መድፎች የአንዱን አፍ መታው እየተባለ ተዘፈነላቸው። ሌላው በጅሮንድ ባልቻ ሳፎ ናቸው፤ አባ ነፍሶ። ባልቻ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው፣ ተሰልበው፣ በቤተ መንግሥትና በራስ መኮንን ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። መድፍን እንደ ሹመት ዕቃ ሳይሆን እንደ ሥራ ያወቁ ጥቂት ሰዎች በዚያ ሠራዊት ውስጥ ነበሩ፤ ባልቻ አንዱ ናቸው። ኋላ ላይ ወደ እሳቸው እንመለሳለን።

አሁን ስለ መድፉ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ አለዚያ ዓድዋ ላይ የሆነው ነገር በቀረርቶ ብቻ ይቀራል። የጣሊያኑ የተራራ መድፍ 75 ሚሊሜትር ነው። ተፈታትቶ በበቅሎ ይጫናል፤ አፈሙዙ በአንዷ፣ እግሩ በሌላዋ፣ ጥይቱ በሌሎቹ። ከቦታው ሲደርስ ተገጣጥሞ ይቆማል። ሲተኮስ ኃይሉን የሚውጥለት ነገር ስለሌለው መላ አካሉ ወደ ኋላ ይዘላል፤ ተኳሾቹ ጎትተው ይመልሱታል፣ ያጎርሱታል፣ እንደገና ያልማሉ፣ ይተኩሳሉ። ከሩቅ የሚተኮሰው ቅምቡላ ሆዱ በእርሳስ እንክብል የተሞላ ነው፤ አየር ላይ የሚፈነዳበትን ጊዜ መድፈኛው በእጁ ሞልቶ ይልከዋል፣ ከሰው በላይ ፈንድቶ እንደ በረዶ ያዘንበዋል። ጠላት ሲጠጋ ደግሞ ከአፉ እንደወጣ የሚበተን ሌላ ጥይት አለው። መድፉ ወደ ኋላ ዘሎ ተመልሶ እስኪታለም ያለችው ጊዜ ወደ መድፉ ለሚሮጠው አጥቂ ናት። ሯጩ ያችን ጊዜ ካልሳተ አንድ ድንጋይ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከሳተ እዚያው ይቀራል።

የካቲት 22 ቀን ማታ በ3 ሰዓት ጄኔራል ባራቲዬሪ ከሳውሪያ ጦሩን አንቀሳቀሰ። 17,700 ያህል ሰው፣ 56 መድፍ። አቀማመጡን በቁጥር ማየት ደስ ይለኛል፤ የግራውን ክንፍ የያዘው አልቤርቶኒ 14 መድፍ፣ የመሀሉ አሪሞንዲ 12፣ የቀኙ ዳቦርሚዳ 18፣ ደጀኑ ኤሌና 12። ዕቅዱ ሦስቱ በሌሊት ተጉዘው ጎን ለጎን ተራሮችን ይዘው እንዲነጋባቸው ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅ አልቆበት ሊበተን ደርሷል የሚለውን ወሬ ይዘው ነበር የመጡት፤ ባሻይ አውዓሎም የሚሉት የትግራይ ሰው ይህን ወሬ በጆሯቸው በማስገባት የሠሩት ሥራ በኋላ ተተረከ። ወሬው ደግሞ ጭራሽ ውሸት አልነበረም፤ የስንቁ ነገር አፄ ምኒልክን አስጨንቋቸው ነበር።

አልቤርቶኒ በሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ካርታው ኪዳነ ምሕረት ብሎ ከጻፈው ተራራ ደረሰ። የመሩት አገር አዋቂዎች ግን እውነተኛዋ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ከፊት ነች አሉት፤ ከስድስት ኪሎሜትር በላይ። እነሱ ልክ ናቸው፣ ካርታው ነው የተሳሳተው። አልቤርቶኒ ወደ እውነተኛዋ ሄደ። ከጓዶቹም ተነጠለ። አንድ የካርታ ጸሐፊ እጅ ስንት ሰው እንደገደለ ሳስብ ይገርመኛል፤ ቢሆንም ከካርታው በላይ ሥራውን የሠራው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ቀኑ እሑድ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት። ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ወደ ፊት ርቆ የሄደው የአልቤርቶኒ የመጀመሪያ ሻለቃ ጦር፣ በቱሪቶ የሚመራው፣ ከኢትዮጵያ ሰፈር ጫፍ ጋር ተጋጨ። አፄ ምኒልክና እቴጌይቱ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ነጋሪት ተመታ። የቱሪቶ ጦር ብዙም አልቆየ፤ ተሰብሮ ወደ መድፎቹ ሸሸ። እዚህ ላይ ጣሊያኖቹ ራሳቸው በምሬት የሚጽፉት ነገር አለ። የሚሸሹት አስካሪዎች፣ በጣሊያን ሥር የሚዋጉት የአገር ተወላጆች፣ ከመድፉ ፊት ስለነበሩ መድፈኛው ጠላቱን እያየ መተኮስ አልቻለም። የራሱን ሰው አልፎ ካልሆነ ዒላማ የለውም።

ፊቱ ሲገለጥለት ግን ተኮሰ። አሥራ አራቱም መድፎች ተኮሱ። የቅምቡላው እርሳስ ዳገቱ ላይ የመጣውን ሰው አጨደው። የፊታውራሪ ገበየሁ ጦር እዚያ ነበር። ገበየሁ እንደ አምባላጌው ፊት ለፊት ገቡበት፤ እንደ አምባላጌው ግን አልተመለሱም። ወደ ዘመቻው ሲሄዱ፣ ከፊቴ ተመትቼ እንደሆነ አጥንቴን ወደ አገሬ ውሰዱት፣ ከጀርባዬ ከሆነ ግን እዚያው ተዉት ብለው ነበር ይባላል። አጥንታቸው ከዓመታት በኋላ ወደ አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ተመለሰ ይላሉ፤ ይህን ለሚያውቅ የቁስሉ ነገር ተነግሮታል።

አለቃው ሲወድቅ ጦሩ ተናወጠ። ይህችን ሰዓት ብዙዎቻችን ዘለን ነው የምናልፋት። ድሉን ስለምናውቅ፣ ድል ከመጀመሪያው የታወቀ ይመስለናል። በዚያ ረፋድ ግን የመሀሉ ጦር ወደ ኋላ ማለት ጀምሮ ነበር፤ አፄ ምኒልክም ማመንታታቸው ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱ ከሴቶቻቸው ጋር በእግራቸው ወደ ፊት ወጥተው የሚመለሰውን አደፋፈሩ፤ ራስ መንገሻ ዮሐንስም ጦር ይጨመር ብለው አጥብቀው ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ደጀን፣ ወደ 25,000 የሚጠጋ ሰው፣ አብዛኛው መሀል ሰፋሪ፣ አስገቡ።

መሀል ሰፋሪ የሚለው ቃል ዛሬ ትርጉሙ ጠፍቷል። የንጉሡን ድንኳን ከቦ የሚሰፍር፣ ደመወዙንና ቀለቡን ከንጉሡ እጅ የሚያገኝ ወታደር ነው። ጠመንጃው ወጨፎ ወይም ፋስጉራ ሊሆን ይችላል፤ ጎራዴ በጎኑ አለ። ጫማ የለውም። የሚቀድመው ሰፈሩ ነው፤ ጎረቤቱ ወድቆ እሱ ቢመለስ ማታ ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ የለም። ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው ውኃ እያቀረቡለት ሄደ። ለተጠማ ሰው በውጊያ መሀል ውኃ ማግኘት ምን እንደሆነ መቀሌ ላይ ታይቷል።

ይኸኛው ጦር ግን እንደ ገበየሁ ፊት ለፊት አልሄደም። በግራም በቀኝም ተበተነ። የጣሊያን መኮንኖች በጻፉት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው። ሰው ሁሉ ድንጋይ ለድንጋይ፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ፣ በአነስተኛ ቡድን እየተጎነበሰ ይመጣል፤ ረድፍ የለውም፣ የሚታለም ብዛት የለውም። መድፍ የተሠራው ለተሰበሰበ ሰው ነው። ለተበተነ ሰው ቅምቡላ መወርወር በወንጭፍ ወፍ እንደማባረር ነው። የኢትዮጵያ ፈጣን ተኳሽ መድፎችም በዚህ መሀል ከባልቻና ከጓደኞቻቸው ዘንድ ይጮኹ ነበር፤ እነሱ ሲጮኹ እግረኛው ይጠጋል።

ተኳሾቹ ሲጠጉ መጀመሪያ ያዩት በቅሎዎቹን ነው። በቅሎ ከሞተች መድፉ አይሄድም፤ ባለበት የቆመ ብረት ነው። ቀጥለው መኮንኖቹን። አልቤርቶኒ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ማፈግፈግ እንዲጀመር ሲያዝ፣ የሲሲሊ ሰዎች የነበሩት ሁለቱ ባትሪዎች ሌላው እንዲሸሽ እየሸፈኑ እዚያው ተኮሱ። ከሩቅ የሚፈነዳው ጥይት ጊዜው አለፈ፤ ከአፍ እንደወጣ የሚበተነውን መተኮስ ጀመሩ። ያም አልበቃም። በመጨረሻ በመድፉና በሰውየው መካከል የቀረው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ያችን እርምጃ ጠመንጃ አይጨርሳትም፣ ጎራዴ ነው የሚጨርሳት። ሻምበል ኡምቤርቶ ማሶቶ ከመድፎቹ ጋር ሞተ። ሻምበል ቢያንኪኒም እንዲሁ። አልቤርቶኒ በቅሎው ተመትታበት በቁሙ ተማረከ።

አሥራ አራቱ መድፎች በኢትዮጵያ እጅ ገቡ። የዚያ ቀን የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አሪሞንዲ ላይ፣ ከዚያ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ዳቦርሚዳ ላይ፤ ሁለቱም ጄኔራሎች ሞቱ። ማታ ላይ 56ቱም መድፍ ተይዟል። ባራቲዬሪ ያለ አንድ መድፍ ወደ ኤርትራ ሸሸ። በኢትዮጵያ በኩል የሞተው ሰው ከ4,000 እስከ 7,000 እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከገበየሁ ሌላ ደጃዝማች በሻህ፣ ከጦርነቱ ቀደም ብለው ወደ ሩሲያ ተልከው የተመለሱት ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማም ከሞቱት ውስጥ ናቸው። የፊታውራሪ ዳምጠው ልጅ ራስ ደስታ ከ41 ዓመት በኋላ በዚያው ጠላት እጅ ይገደላሉ።

ሜሲና ከተማ ውስጥ ለማሶቶ ባትሪ የቆመ ሐውልት አለ። ተሸናፊው ለመድፈኞቹ ሐውልት አቆመ፤ የክብር ሜዳሊያም ሰጠ። ከእነሱ ፊት የሮጠው ሰው ግን በስም የለም። እኛ ገበየሁን እናውቃለን፣ ባልቻን እናውቃለን፣ የራሶቹን ፈረስ ስም ሳይቀር እናውቃለን፤ የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው እስከ ኮሪያ ድረስ የሻለቃ ጦር ስም ሆኖ ሄዷል። ያን ጠዋት በመጨረሻዋ እርምጃ ላይ መድፉን የነካውን መሀል ሰፋሪ ስም የሚያውቅ የለም። ጸሐፊው ትኩረቱ ድንኳኑ ላይ ነበር፤ ከድንኳን ዳገቱ ሩቅ ነው።

ባልቻ ከዓድዋ በኋላ አደጉ። ደጃዝማች ሆኑ፤ ሲዳሞን ገዙ፣ ሐረርንም ገዙ፣ እንደገና ሲዳሞን። ዘመኑ ግን ወደ ሌላ ሰው ዞረ። በ1920 ዓ.ም. የካቲት ላይ ራስ ተፈሪ ሲጠሯቸው 10,000 ያህል ሠራዊት ይዘው ከሲዳሞ ወጥተው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ነፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። እኔ የምኖረው አቃቂ ነው። ወደ ከተማ ስመላለስ ከቃሊቲ ወዲያ ሳሪስን አልፌ በዚያው በኩል ነው የማልፈው፤ በታክሲ መስኮት ሳይ ብዙ ጊዜ ይህን ሜዳ በድንኳን ለመሙላት እሞክራለሁ። ሕንፃው አያስችለኝም።

ባልቻ ወደ ግብር ተጠርተው ከጥቂት ሰዎቻቸው ጋር ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ። እሳቸው ጠጅ ሲጠጡ ራስ ካሣ ነፋስ ስልክ ወርደው ወታደሩን በገንዘብ አባብለው መሣሪያውን ተረክበው በተኑት። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። መድፍ ተኩሶ ያልበተነው ሠራዊት በጠጅና በብር ተበተነ። ዓድዋን ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ማየቱ ራሱ የዘመኑን መለወጥ ይነግራል። ታሠሩ፣ ሹመታቸው ተገፈፈ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ጣሊያን ተመለሰ፤ አሁን በአውሮፕላን። መጋቢት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቹ በእኛ ሰፈር ላይ ወርደው የአቃቂን አውሮፕላን ማረፊያ በመትረየስ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 በባቡር ሲወጡ ባቡሩ በአቃቂ አልፏል፤ የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ሐዲዱን ሲያሳዩ ይህን ሳይጠቅሱ አያልፉም። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። አርበኞቹ ከተማዋን በአንድ ጊዜ ከየአቅጣጫው ለመምታት ተስማሙ። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ከሰሜን፣ አበበ አረጋይም በዚያው በኩል፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ከምሥራቅ፣ ከደቡብ ምዕራብ ደግሞ ባልቻ። ያኔ ባልቻ ከ70 ዓመት አልፈዋል። የእስራታቸውንና የሹመታቸውን ነገር ትተው፣ ሠራዊታቸውን ለበተነው መንግሥት ዋና ከተማ ሊዋጉ መጡ። ሐምሌ 21 ተጀመረ። ሬዲዮ የላቸውም፤ ወንዞቹ ሞልተዋል፣ አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና ማዶ ነው። ዓድዋ ላይ ደጀኑ በሰዓቱ ገባ፤ እዚህ አንዱ ክንፍ ለብቻው ገብቶ ለብቻው ተመለሰ። ከተማው ውስጥ መድፍ፣ ታንክና መትረየስ ተጠምዶ ይጠብቃል፤ ከላይ አውሮፕላን አለ። ድንጋይ ለድንጋይ የሚጎነበሰውን ሰው አሁን ከላይ ያየዋል። ሐምሌ 22 አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ።

ባልቻ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተመለሱ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያኖቹ አገኟቸው። እጃቸውን እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ እሺ ብለው ጠበቁ ይባላል። ሊረከቧቸው የመጡት መኮንኖች ሲቀርቡ ከሁለት አሽከሮቻቸው ጋር ተኩስ ከፈቱ፤ ሦስቱም እዚያው ወደቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባልቻ ሆስፒታል የሚባለው በእሳቸው ስም ነው። የሁለቱን አሽከሮች ስም የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።